ሠርጉን የበላው ሰዓት

ይህ ነገር ይጻፍ ወይስ አይጻፍ እያልኩ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። ማንም አልሞተም። ቤት አልተቃጠለም፤ አንድ ቀን ለጥቂት ነው የተረፈው እንጂ። ፖሊስም አልመጣም። ሲጠቃለል አንድ ሰው በአንድ ኮምፒዩተር ሰዓት ምክንያት ፈራ ማለት ነው፤ የፈራሁትም እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሊፍት ውስጥ ስገባም ስለምፈራ ፍርሃቴ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። አንባቢ «እና ምን ይሁን?» ቢለኝ የምመልሰው የለኝም። ነገር ግን ታሪኩን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ሳቁን ያቆምና «ቆይ፣ የእኔ ካሜራ ስንት ዓመት ነው የሚለው?» ብሎ ቦርሳውን መፈተሽ ይጀምራል። ለዚያ ሰው ስል ልጻፈው።

ናይሮቢ የመጣሁት ለትምህርት ነው፤ ኮምፒዩተር ሳይንስ፣ አንደኛ ዓመት። የምኖረው ሳውዝ ሲ በሚባል ሠፈር፣ ከአጎቴ ከጋሽ መኮንን ቤት ነው። ጋሽ መኮንን የእናቴ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ መሃል ከተማ ምግብ ቤት አላቸው። በዘመድ ቤት ተቀምጦ መማር ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሳይጠሩህ «አቤት» ትላለህ። የመጨረሻውን ቁራሽ ሥጋ እያየኸው «ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ልጥቀም፣ በምን ላስደስት እያልክ ቤቱን በዓይንህ ስትዞር ትውላለህ። የኔ መከራ የመጣው ከዚህ ዙረት ነው።

ጋሽ መኮንን ባለፈው ክረምት ዲጂታል ካሜራ ገዙ። ካሜራው ገና ሲከፈት ቀን ይጠይቃል። ጋሼ ምንም ሳያመነቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞሉት፤ ዓመቱን 1997፣ ወሩን ዐሥራ ሁለት ብለው፣ ሰዓቱንም በእኛው። እኔ ጎን ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ ሳደርግ ቀና ብለው አዩኝ።

«ካሜራው የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው የቤቱን ቀን ይቁጠራ።»

ሰዓቱ እንኳ ክፋት የለውም። ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሲያወሩ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት «ሳ ምቢሊ» ብለው ልክ እንደኛ ሁለት ነው የሚሉት። ወሩና ዓመቱ ላይ ግን ብቻችንን ነን። ጳጉሜን ሲመጣ ካሜራው ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም አለ። ጋሼ ቢጫኑት፣ ቢያባብሉት፣ አጥፍተው ቢያበሩት አሻፈረኝ አለ። «እንግዲያው ይቀጣ!» ብለው አምስቱን ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነውና፣ ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን አልቀበል ብሎ እንደገና ታሰረ። እትዬ አልማዝ፣ የጋሼ ባለቤት፣ «ይኼ ካሜራ ከፎቶው እስሩ በዛ» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ። ያኔ መፍራት ሲገባኝ አልፈራሁም፤ በሕይወቴ ያልፈራሁት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ልጃቸው ሄለን አገባች። ሄለን ናይሮቢ ያደገች፣ አማርኛን ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ጋር አደባልቃ የምትናገር፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ልጅ ናት። ባሏ ዳዊት ኖርዌይ ነው የሚሠራው። ለሠርጉ መጥቶ በሳምንቱ ተመለሰ፤ እሷ ወረቀቷ ሲያልቅ ልትከተለው ነው። ጋሼ ለሠርጉ ፎቶ አንሺ ይቀጠር ሲባሉ ተቆጡ። «እኔ ካሜራ እያለኝ?» አሉ። ሁሉንም ራሳቸው አነሱ። ስለዚህ የሙሽራዋ አባት ከሙሽራዋ የሠርግ ፎቶዎች በአንዱም ውስጥ የሉም።

ከሠርጉ በኋላ የካሜራው ካርድ ሞላ። በዚያው ሰሞን የአንድ ወዳጃቸው ልጅ ክርስትና ደረሰና ጋሼ «የቱን ልደምስስ?» እያሉ ሲጨነቁ አየሁ። ዕድሌ መጣ ብዬ አሰብኩ።

«ጋሼ፣ ቤታችን ውስጥ ሰርቨር ላቋቁም» አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፎቶ ማኅደር ነው። ፎቶው ሁሉ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። እርስዎ ሳሎን ቁጭ ብለው በሌላው ኮምፒዩተር ያገላብጡታል። የሌላ ሰው ድርጅት ላይ አይደለም የሚቀመጠው፤ የራሳችን ነው።»

«የራሳችን» የምትለዋ ቃል ጋሼን ገዛቻቸው። በሳምንቱ ከከተማ ያገለገለ ኮምፒዩተር ተገዝቶ መኝታ ክፍሌ ገባ። ሊነክስ ጫንኩበት። እንዲህ ስል ቀላል ይመስላል። ሊነክስን የማያውቅ ሰው ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደልና እየበራች የምትጠፋ አንዲት ሰረዝ ያስብ። ትእዛዝ ትጽፍለታለህ፣ ይፈጽማል። የሚያስፈራው ነገር፣ ሁሉ በደህና ሲሄድ ማሽኑ ምንም አለማለቱ ነው። «እሺ» አይልም፤ «ተፈጸመ» አይልም፤ ዝም ነው። እኔ ያደግኩበት ቤት ደግሞ ዝምታ ማለት እናቴ ተቀይማለች ማለት ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ከጻፍኩ በኋላ ምን አጠፋሁ እያልኩ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ይናገራል፤ ሲናገር «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እኔ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ጥያቄውን እያየሁ ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ የምመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር።

ፍርሃቱ በኔ ብቻ አልቀረም። ሊነክስ ውስጥ ሩት የሚባል ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ አለ። ፊደሎቹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ስሠራ እትዬ አልማዝ በበሩ አልፈው ኖሮ፣ እራት ላይ «ይቺ ሩት የማን ልጅ ናት?» አሉኝ። አስረድቼ እስክጨርስ ምግቡ በረደ። እሳቸው የገባቸው ግን ማሽኑ የተከበረ ዕቃ መሆኑ ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የስልኩን ጠረጴዛ የሚያለብሱበትን ነጭ ዳንቴል ሰርቨሩ ላይ ደርበውበት አገኘሁት። በዳንቴሉ ላይ ደግሞ ድርብ ፎጣ፣ «አቧራ እንዳይገባበት» ብለው። ማሽኑ መተንፈሻ አጥቶ እንደ ምጣድ ግሏል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ቤቱ ለጥቂት የተረፈው ያን ቀን ነው። ዳንቴሉን አንሥቼ እያራገብኩ «እትዬ፣ ይኼ ራቁቱን ነው የሚኖረው» ስላቸው «አዬ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዴት ይሆናል?» ብለው አዘኑ።

በመጨረሻ ማኅደሩ ሠራ። ሰው ፎቶውን የሚያስገባበት አንድ ክፍል ከፈትኩ፤ ስሙን መቀበያ አልኩት። ሐሳቤ ፎቶዎቹን ከመቀበያው ወደ ቋሚ ቦታቸው ማዛወር ነበር። ግን ማዛወሪያው ትእዛዝ አስፈራኝ፤ በመንገድ ላይ ቢጠፉስ? ስለዚህ ለሴሚስተሩ መጨረሻ አሳደርኩትና ማኅደሩ ከመቀበያው ላይ እንዲያነብ አደረግኩ። ቀጥሎ ደግሞ ጥንቃቄዬን ላሳይ ብዬ አንዲት ጠራጊ ፕሮግራም ጻፍኩ። ጠራጊዋ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ትነሣና መቀበያው ውስጥ ከተቀመጠ ዓመት ያለፈው ፋይል ካለ ትደመስሳለች። እዚያ ዓመት የሚቀመጥ ምን አለ? ውዳቂ ብቻ። እንደዚህ ነበር ያሰብኩት።

«ጋሼ፣ አሁን ካርዱን መደምሰስ ይችላሉ» አልኩ። «ሁሉም ሰርቨሩ ላይ ነው።»

ደመሰሱት። ክርስትናውን ሊያነሡ ሄዱ።

ሲመለሱ ሳሎን ተቀምጠው ማኅደሩን ከፈቱና ፊታቸው ጠቆረ። ማኅደሩ ፎቶዎችን በቀን ነው የሚደረድረው። ሄለን በስልኳ ያነሣቻቸው የጫማና የድመት ፎቶዎች 2006 ስለሚሉ ከላይ ተኮፍሰዋል። ሠርጉ 1998 ስለሚል ከሁሉም በታች፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ወድቋል።

«የልጄ ሠርግ ከድመት በታች?»

«ጋሼ፣ የካሜራው ቀን...»

«የካሜራው ቀን ትክክል ነው። የዚያን ያንተን ኮምፒዩተር ሰዓት አስተካክለው።»

አሁን ሳስበው እዚህ ላይ «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ቤት ነው ያለሁት፤ ለዚያውም የቆረጡልኝን ሥጋ ሁለት ጊዜ ጎርሻለሁ። የሰርቨሩን ሰዓት ወደ 1998 መለስኩት። ወሩንም፣ ቀኑንም፣ የጠዋቱን ሰዓትም በእኛ። የሠርጉን ፎቶዎችም በአዲሱ ቀን እንደገና አስገባኋቸው። ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» እንኳ አላለም። ዝም። ማኅደሩ ከዛሬ በኋላ የሚል ፎቶ ለብቻው ስለሚያስቀምጥ ሠርጉ ወደ ላይ ወጣ፣ ድመቷ የወደፊት ዘመን ላይ ተንሳፈፈች፣ ጋሼ ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ሰርቨራችን ከናይሮቢ ሁሉ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሆኖ በደስታ መኖር ጀመረ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ሊነክስ የኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወራት አለፉ። ሰርቨሩን የቤት ሥራዬንም እሠራበት ጀመር። አንድ ዓርብ ፕሮግራም እንድናስረክብ ታዘዝንና ሠርቼ በፍላሽ ወሰድኩ። አስተማሪያችን፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የሚያዩ ሴት ዶክተር፣ ፍላሹን ሰክተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ዝምታ እንደማልወድ ተናግሬያለሁ።

«ይህን የጻፍከው መቼ ነው?»

«ትናንት ነው ዶክተር።»

«ትናንት 1998 ነበር?»

«አዎን» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ የዋሸሁት ነገር አልነበረም፤ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሌንደር ምስክሬ ነው። ዶክተሯ ግን አልሳቁም። «ይህ ኮርስ በ1998 መሰጠት አልጀመረም። የሌላ ሰው ሥራ አምጥተህ ከሆነ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የምንገናኘው። ሰኞ ትክክለኛ ቀን ያለው ቅጂ ይዘህ መጥተህ መስመር በመስመር ታስረዳኛለህ» አሉ።

ዲሲፕሊን ኮሚቴ! በማታቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳውዝ ሲ እስክደርስ ከዩኒቨርሲቲ ተባርሬ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ እናቴ ፊት ቆሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የሰርቨሩን ሰዓት ወደ 2006 አስተካከልኩ። የቤት ሥራዬን እንደገና አስቀመጥኩ። ቀኑ አማረ። እፎይ ብዬ ምሳ ልበላ ወጣሁ። በበሩ ስመለከት የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ነበር። ስድስት ሰዓት ሆኗል። «ጎበዝ፣ ሥራ ላይ ነው» ብዬ አለፍኩ።

ከምሳ በኋላ ሄለን ፍላሽ ይዛ መጣች። የኖርዌይ ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ኀሙስ ነው። የሠርግ ፎቶ ታትሞ ይምጣ ብለዋታል፤ የኀሙሱ ቀጠሮ ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቅ የለም። ዳዊት እዚያ ቤት ተከራይቶ፣ ለሷ የብርድ ካፖርት ገዝቶ በየምሽቱ እየደወለ ይጠይቃል።

መቀበያውን ከፈትኩ። በውስጡ ያለውን ዘርዝርልኝ ብዬ አዘዝኩት። ማሽኑ ምንም አላለም። ደግሜ አዘዝኩት። ሰረዟ ብቻ በራች፣ ጠፋች። ምንም የሚዘረዘር ስለሌለ ነው ዝም ያለው።

ጠራጊዋ ስድስት ሰዓት ላይ ተነሥታ ቀኑን አይታለች፤ 2006። ፎቶዎቹን አይታለች፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ በተመለሰበት ጊዜ ስለገቡ 1998 ይላሉ። ስምንት ዓመት የተቀመጠ ውዳቂ! እንዳስተማርኳት አደረገች። እንደሷ ያለ ታዛዥ ፍጡር አይቼ አላውቅም፤ ከወለድኳት ልጅ በላይ እኔን ትመስላለች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ነጣ» አለች ሄለን።

«ሄሉ፣ ፎቶዎቹ የሉም።»

«የሉም ማለት?»

«ጠራጊዋ ስምንት ዓመት የቆዩ መስሏት...»

«ዌይት። ዩ ዲሊትድ ማይ ዌዲንግ?»

«እኔ አይደለሁም። እኔ የጻፍኳት ፕሮግራም ናት።»

ሄለን ስትደነግጥ ሦስቱንም ቋንቋ ባንዴ ነው የምትጠቀመው። «ሳሳ ኒፋንዬ ኒኒ? ምን ላድርግ አሁን? ኢንተርቪው እኮ ኀሙስ ነው! ለዳዊት ምን ልበለው?»

«የላክንለት ፎቶ የለም?»

«ሁለት! ኔቱ ስሎው ነው ብለህ ሁለት ብቻ ነው የላክኸው! አንዱ ኬክ ነው፤ አንዱ የእማ ጀርባ ነው!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባባ እንዳይሰማ። ፕሊስ።» ባባ የምትለው አባቷን ነው።

ጋሼ እንዳይጠረጥሩ የሰርቨሩን ሰዓት ወደ 1998 መለስኩት፤ ማታውን ግን ምንም አልበላሁም። እትዬ አልማዝ ግንባሬን ዳሰሱና «ጠበል ላምጣልህ?» አሉ። ለሰርቨሩም ልረጭለት እንዳይሉ ፈርቼ «ደህና ነኝ» አልኩ።

እሑድ ኦቲየኖ መጣ። ኦቲየኖ የክፍሌ ልጅ ነው፤ በራሱ የሚተማመን፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲባል ሳያነብ «አዎ» የሚጫን ሰው። የሆነውን ስነግረው ወንበር ላይ ተንፈራጠጠ።

«ቆይ፣ እናንተ አሁን ስንት ዓመት ላይ ናችሁ?»

«1998።»

«ስለዚህ እኔ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የመጣሁት። ጠይቀኝ ወንድሜ፤ የሚሆነውን ሁሉ ልንገርህ።»

«ኦቲየኖ፣ እባክህ!»

የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አመጣና አስኬደው። ከሰዓታት በኋላ የተገኘው ነገር ባይገኝ ይሻል ነበር። የዳዊት ግማሽ ፊት፣ ከታች ግራጫ። የሄለን ቬሎ፣ ራስ የሌለው። አንድ ዓይን። ሄለን አንዴ አይታ ከክፍሉ ወጣች። ይህን ይዛ ኤምባሲ ብትገባ ኖሮ ስለ ጋብቻ ሳይሆን ስለ ወንጀል ነበር የሚጠይቋት።

በዚህ መሃል ከሳሎን የጋሼ ድምፅ መጣ። «ልጆች፣ ኑ! ለእንግዳው ሠርጉን ላሳየው!»

ጋሼ ማኅደሩን ከፍተዋል ማለት ነው፤ አሁን ባዶ ገጽ ያያሉ፤ አሁን ይጮኻሉ፤ አሁን ሻንጣዬ ደጅ ይወጣል። ኦቲየኖን ከፊት አስቀድሜ ወጣሁ፤ የመጣው ቢመጣ እንግዳ ፊት አይመቱኝም ብዬ።

ስክሪኑ በሠርግ ተሞልቷል። ሄለን፣ ዳዊት፣ ሚዜዎቹ፣ ኬኩ፣ ሁሉም ተደርድረው ይስቃሉ።

መጀመሪያ የመሰለኝ ፍርሃት አእምሮዬን እንዳቃወሰው ነው። ከዚያ ገባኝ። ማኅደሩ እያንዳንዱን ፎቶ ሲቀበል ለማገላበጫ እንዲፈጥን አነስተኛ ቅጂ ይሠራና በሌላ ክፍል ያስቀምጣል። ጠራጊዋ ወደዚያ አትገባም። ከትናንት ጀምሮ እኔና ሄለን ማኅደሩን ለመክፈት ስለፈራን አላየነውም። ሄለን ክንዴን ጨመደደችው።

«ይቺን ላጉላት» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ አይጫኑት!» ብዬ ጮኽኩ።

ተጫኑት። ትልቁ ፎቶ በሚመጣበት ቦታ የተሰበረ ምልክት መጣ።

«ምነው?»

«ኔትወርክ ነው ባባ» አለች ሄለን ቶሎ ብላ። ኦቲየኖም አማርኛ ሳይገባው «ኔትወርክ» የምትለዋን ሰምቶ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ሰኞ ዶክተሯ ፊት ቀርቤ መስመር በመስመር አስረዳሁ። ሳበቃ መነጽራቸውን አውልቀው «የራስህ ነው፤ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማንም አይሰርቅም» አሉ። ተናድጄ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አመስግኜ ነው የወጣሁት።

ማክሰኞ ከሄለን ጋር ከተማ ወርደን ትንንሾቹን ቅጂዎች አሳተምን። ከፖስት ካርድ ያነሱ፣ ጠርዛቸው ትንሽ የደበዘዘ፣ ግን ሰው የሚለይባቸው ፎቶዎች ናቸው። ሄለን የመጀመሪያውን አንሥታ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ በመሃል ቆመ።

ጥጉ ላይ፣ ካሜራው ራሱ በብርቱካናማ ቁጥር ያተመው ቀን አለ። 28/5/1998። በሁሉም ላይ።

«እኔ በ1998 እኮ ስታንዳርድ ኤይት ነበርኩ» አለች ቀስ ብላ። «ዩኒፎርም ለብሼ!»

እስካሁን የሠርግ ማስረጃ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን የተገኘው ማስረጃ ሄለን በዐሥራ አራት ዓመቷ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ እንዳገባች ይመሰክራል። በመቀስ እንቁረጠው ብዬ አሰብኩ፤ ጥጉ የተቆረጠ ፎቶ ደግሞ የባሰ ያጠራጥራል። ኦቲየኖ በስልክ «በአንድ ደቂቃ አጠፋልሃለሁ» አለ። ለኤምባሲ በሚቀርብ ማስረጃ ላይ ቀን ማጥፋት! በሁለት አገር እስር ቤት ራሴን አየሁት። ከዚህ በላይ መሸከም ስላልቻልኩ ቤት ስንገባ በሩን ሳልዘጋ ለጋሼ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ሰዓቱን፣ ጠራጊዋን፣ ጥጉን።

ጋሼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ቀኑ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጥር ሃያ ስምንት ነው ያገባችው። እኔ ቀን አልሳትኩም።»

«ልክ ነው ጋሼ። ግን እነሱ...»

«ባባ፣ እነሱ አያውቁም» አለች ሄለን፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ልጅ ሆኜ ያገባሁ ነው የሚመስላቸው።»

ጋሼ ልጃቸውን አዩ። ተነሥተው መኪናቸውን አስነሡ። ሲመለሱ ምግብ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የነበረውን ትልቁን ካሌንደር፣ የኛንም የፈረንጁንም ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየውን፣ ከነሚስማሩ ነቅለው ጠቅልለው አመጡ።

ኀሙስ ጠዋት ሳ ምቢሊ ላይ ኤምባሲው በር ቆምን። ዘበኛው ጥቅሉን አይቶ «ምንድን ነው?» አለ በስዋሂሊ። ሄለን ካሌንደር መሆኑን ነገረችው። ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች አየው፤ ወሮቹን ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። «ዐሥራ ሦስት?» ብሎ ባልደረባውን ጠራ። እሷን አስገብተው እኔና ጋሼ ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እኔ ማሽኑን ከመፍራት አልፌ የዛፉን ቅጠል መፍራት ጀምሬ ነበር።

ስትወጣ ካሌንደሩ እጇ ላይ አልነበረም።

«ወሰዱት?» አሉ ጋሼ ተነሥተው።

«ቆይ ባባ ልንገርህ። ኦፊሰሩ ፎቶውን አየና ዴቱ ላይ ጣቱን አደረገ። ‹ይህ ስምንት ዓመት ሆኖታል› አለ። ካሌንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ‹እሺ፣ ጥር ሃያ ስምንትን አሳዪኝ› አለኝ። እኔ ደግሞ የግእዙን ቁጥር ማንበብ አልቻልኩም!»

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሱ ራሱ አምስተኛውን ወር ይዞ ቀኖቹን ቆጥሮ አገኘው። እሑድ መሆኑን አየ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ጋር አመሳከረው። ከዚያ ‹አባትሽ የትኛው ነው?› አለ። ፎቶው ላይ የለም አልኩት። ‹ለምን?› አለ። ‹ካሜራውን የያዘው እሱ ነው፤ ቀኑንም የሞላው እሱ ነው› አልኩት። ሳቀ። ካሌንደሩን ለባልደረባዬ ላሳይ፣ ይቆይልኝ አለ።»

ጋሼ ወደ ኤምባሲው ዘወር ብለው «ከነሚስማሩ መስጠት አልነበረብኝም» ብቻ አሉ።

ቪዛው በነሐሴ መጣ። ልንሸኛት ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው ደጅ ስንደርስ እትዬ አልማዝ አልቅሰው ጨርሰው እንደገና ጀምረው ነበር። ጋሼ ካሜራውን ከኪሳቸው አወጡ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሞ ስለነበር ባትሪው ወልቆ ቀኑን ረስቶታል፤ ሲበራ እንደገና ጠየቀ። ሁላችንም ስክሪኑን አየን። ወሩ ጳጉሜን ነው። ዐሥራ ሦስት ደግሞ አይቀበልም።

ካሜራውን ለኔ ዘረጉልኝ። «አንተ ሙላው» አሉ። «በእነሱ አድርገው። እዚያ ስትደርስ ወረቀት ሲጠይቋት ጣጣ እንዳይሆንባት።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«አንተ ደግሞ እንደዚያ ማሽንህ ሆንክ» አሉ። ልጃቸው አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋባቸው። «በል አንሣን። እኔንም ጨምረህ።»

ሴፕቴምበር ብዬ ሞላሁት። አነሣኋቸው፤ ቤት ስመለስም ፎቶውን መቀበያው ውስጥ ሳላሳድር ወደ ቋሚ ቦታው አዛወርኩት፤ ጠራጊዋንም ደመሰስኳት። ማሽኑ ምንም አላለም።

ሄለን የሄደችው፣ ነገሩም ያበቃው፣ ካሜራው እስከ ዛሬ በማያውቀው ቀን ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን 1998 ዓ.ም.።